"ዝጊው፣ አትስሚው" ያልኳት እኔ ነኝ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ወሬው ስለ አሮጌ ኮምፒውተርና ስለ አንቲቫይረስ ነው። ኮምፒውተር የማትወዱም አትለፉት፤ ጉዳዩ መጨረሻ ላይ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ጥፋተኛው እኔ ስለሆንኩ ደግሞ መናገር አለብኝ።

አንዲት የድሮ ተማሪዬ ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ስካነርና አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ይዛ ነው የምትሠራው። ኮር ቱ ዱኦ፣ 2 ጊጋ ራም፣ ዊንዶውስ 7። ደንበኞቿ በአብዛኛው ትራንዚተሮችና ሾፌሮች ናቸው። ኢንቮይሱን፣ ፓኪንግ ሊስቱን፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉን ይዘው ይመጣሉ፤ እሷ ስካን አድርጋ ፍላሽ ላይ ትጭንላቸዋለች፤ ደብዳቤም ትጽፋለች። ወደቡ አካባቢ የኖረ ያውቃል፤ አንድ ወረቀት ጎደለ ማለት አንድ ኮንቴነር ቆመ ማለት ነው። ኮንቴነር ሲቆም ደግሞ ሒሳቡ በየቀኑ ይቆጥራል።

አንድ ቀን ደወለችልኝ። "ቲቸር፣ ይሄ ኮምፒውተር በየጠዋቱ ፋየርዎል ጠፍቷል፣ ኮምፒውተሩ አደጋ ላይ ነው እያለ በቀይ ይጮህብኛል። ምን ላድርገው?" አለችኝ።

እኔ ክፍል ልገባ ስል ነበር። ጠመኔዬን ይዤ ቆሜ ነው ያናገርኳት። "ይሰራል አይደል?" አልኳት። "ይሰራል" አለች። "በቃ ዝጊው፣ አትስሚው። አሮጌ ኮምፒውተር እንዲህ ነው፤ ዝም ብሎ ይለፈልፋል" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ምክሬን ተቀበለች። ጎበዝ ተማሪ ነበረች፤ አስተማሪዋ ያላትን ትሰማለች። ቀይ ነገር በመጣ ቁጥር ማዕዘኗን ኤክስ ትላታለች። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር።

ከዚያ አንድ ሾፌር ፍላሽ ይዞ መጣ። ስትሰካው በዚያው በቀኝ በኩል፣ በዚያችው ማዕዘን፣ በዚያው ቀይ ቀለም አንድ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። እሷም እንደ ልማዷ ሳታነበው ዘጋችው። ይሄኛው ግን ስለ ፋየርዎል አልነበረም። ፍላሹ ላይ ቫይረስ አለ ነበር የሚላት። እውነቱንም ነበር።

በሁለት ቀን ውስጥ የፎልደሮቿ ሁሉ መልክ ተቀየረ፤ እያንዳንዱ ፎልደር ሾርትከት ሆነ። ከእሷ ቤት የወጣ ፍላሽ ሁሉ ያንኑ በሽታ ይዞ ወጣ። አንድ ትራንዚተር ፍላሹን ቢሮው ሰክቶ የቢሮውን ኮምፒውተር ካስያዘ በኋላ ተመልሶ መጥቶ ሰው ፊት ጮኸባት። አንድ ሌላ ደንበኛ ደግሞ ሾፌሩ ውጭ ቆሞ እየጠበቀ የትናንቱን ስካን ፈልጋ ማግኘት አቃታት። እያለቀሰች ደወለችልኝ።

ከትምህርት ቤት በባጃጅ ሄድኩ። እግዚአብሔር ይመስገን ፋይሎቹ አልጠፉም ነበር፤ ይህ ዓይነቱ ቫይረስ ፎልደሩን ደብቆ በቦታው የውሸት ሾርትከት ነው የሚያስቀምጠው። እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ተቀምጠን አጸዳነው፤ የተደበቀውንም መለስነው። ደንበኞቹን ግን መመለስ አልቻልንም። ሦስቱ ቀሩ፤ እስካሁንም አልተመለሱም።

ልጅቷ አንድም ቀን "አንተ ነህ ያልከኝ" አላለችኝም። እኔ ግን አውቀዋለሁ።

እስቲ አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ያ በየጠዋቱ የሚጮኸው የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ውሸት ነበር? አዎ፣ ውሸት ነበር። ፋየርዎሉ በርቶ ነበር፤ ከፍቼ አየሁት፣ አረንጓዴ ነው። ታዲያ ኮምፒውተሩ ለምን ጠፍቷል ይላል? ይህን ለመረዳት ከደረቅ ወደቡ በር የተሻለ ምሳሌ የለም።

ፋየርዎል ማለት የግቢው በር ላይ የቆመ ጥበቃ ነው። ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል፣ ወረቀት አለው ወይ ብሎ ይጠይቃል። ኮንቴነሩን ግን አይከፍትም። አንቲቫይረስ ደግሞ ውስጥ ያለው ፈታሽ ነው፤ ከፍቶ እቃውን ያያል። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ነው ያላቸው። ዊንዶውስ ውስጥ ደግሞ ሦስተኛ ሰው አለ። በኤክስፒና በቪስታ ሴኩሪቲ ሴንተር ይባል ነበር፤ በዊንዶውስ 7 አክሽን ሴንተር ተባለ፤ በዊንዶውስ 10 ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ነው። ይሄ ሰውዬ በሩ ላይ አይቆምም፣ እቃም አይፈትሽም። ቢሮው ተቀምጦ ስም ዝርዝር ይዞ "ጥበቃ አለህ? ፈታሽ አለህ?" እያለ ይጠራል። "አለሁ" ካሉት ዝም ይላል። መልስ ካጣ ድምፅ ማጉያውን አንስቶ "በሩ ጠባቂ የለውም!" ብሎ ይጮኻል።

ልብ በሉ፤ የሚጮኸው በሩን ሄዶ አይቶ አይደለም። ስም ጠርቶ መልስ ስላጣ ነው። የውሸት ማስጠንቀቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሚወለደው እዚህ ጋ ነው። በተማሪዬ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ነገር ነበር ያገኘሁት፤ ሦስቱም በየቤታችሁ አሉ ብዬ እገምታለሁ።

አንደኛው፣ ከሥራ የለቀቀ ጥበቃ ስሙ ዝርዝሩ ላይ መቅረቱ። ኮምፒውተሩ ሲገዛ የራሱ ፋየርዎል ያለው የሙከራ አንቲቫይረስ ነበረበት። የሙከራ ጊዜው አለቀ። አንድ ቴክኒሻን መጣና በሥርዓት በማራገፍ ፈንታ ፎልደሩን ብቻ ደለተው፤ ከዚያ ከፍላሹ ላይ ሌላ አንቲቫይረስ ጫነላት። የመጀመሪያው ሰው ከሄደ ቆይቷል፤ ስሙ ግን ከመዝገቡ አልተሰረዘም። ሰውዬው በየጠዋቱ ስሙን ይጠራል፤ የሚመልስ የለም፤ ይጮኻል። የዊንዶውስ የራሱ ፋየርዎል ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ ሥራውን እየሠራ ነው።

ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ ሲጫንም እንደዚሁ ነው። "ሁለት ሲሆን ይጠነክራል" የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። አይጠነክርም። ሁለት ፈታሽ አንድ ኮንቴነር ላይ ሲሻሙ እቃው አይወርድም። አንዱ የከፈተውን ሌላው እንደ ሌባ ያየዋል፤ 2 ጊጋ ራም ያለው ምስኪን ኮምፒውተር ደግሞ መሐል ሆኖ ይሰቃያል።

ሁለተኛው ቀኑ ነው። እዚህ ጋ ሳቅም ነበር። የኮምፒውተሩን ቀን ሳይ 2016 ይላል። 2016 ትክክል ነው፤ በእኛ። "ለምን እንዲህ አደረግሽው?" ስላት፣ ደብዳቤ ስትጽፍ ወርድ ቀኑን ራሱ እንዲያስገባላት ብላ ዓመቱን፣ ወሩንም፣ ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር ሞልታዋለች። ጥቅምት 30 ስትደርስ ኮምፒውተሩ የፈረንጅ 2ኛ ወር 30 ቀን የለውም ብሎ አንድ ቀን ዘሎባት ነበር፤ ጳጉሜን ላይ ደግሞ 13ኛ ወር አልቀበልም ብሏት ተጣልተዋል።

ነገሩ ያስቃል፤ ብዙ ቢሮና ብዙ ጽሕፈት ቤት ግን ይህንኑ ያደርጋል። ጉዳቱ ይሄ ነው፤ ዊንዶውስ ዓመቱን የሚያነበው እንደ ፈረንጅ ነው። በእኛ 2016 ሲሉት ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። ድረ ገጽ ሁሉ መታወቂያ አለው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል። ኮምፒውተሩ ራሱን 2016 እ.ኤ.አ. ላይ ካገኘ አዲሱ መታወቂያ ሁሉ "ገና ያልተሰጠ" ይመስለዋል። ክሮም "ሰዓትህ ወደኋላ ቀርቷል" ይላል፤ አንቲቫይረሱ ዝማኔ ለማውረድ ይቸገራል፤ ፈቃዱ አልገባኝም ይላል፤ ከዚያ "አልተጠበቅህም" እያለ ይለፋደዳል።

ሆን ብላችሁ ባትቀይሩትም አሮጌ ኮምፒውተር ራሱ ይቀይረዋል። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የመሰለች ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች፤ 3 ቮልት ናት። ኮምፒውተሩ ከሶኬት ሲነቀል ሰዓቱን የምታቆየው እሷ ናት። ዕድሜዋን ጨርሳ ስትሞት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ተሠራበት ዘመን ይመለሳል። በየጠዋቱ ቀን የሚሳሳት ኮምፒውተር ካላችሁ ለፎርማት ከመክፈላችሁ በፊት መጀመሪያ ይህችን ባትሪ ቀይሩ።

ሦስተኛው መዘግየት ነው። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር ሲነሳ ሁሉም ፕሮግራም በአንድ በር ለመግባት ይጋፋል። ስም ጠሪው ቀድሞ ቢሮው ይገባና ይጣራል፤ ጥበቃው ገና ታክሲ ላይ ነው። "ጠባቂ የለም!" ይላል። ከሦስት ከአራት ደቂቃ በኋላ ጥበቃው ይደርሳል፤ ማስጠንቀቂያውም በራሱ ይጠፋል። ይሄ ዓይነቱ ምንም አይደለም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚፈልገው።

እንግዲህ የማምንበትን ልናገር። ብዙ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ የውሸት ማስጠንቀቂያን እንደ ዝንብ ነው የሚያየው። ያስቸግራል እንጂ አይጎዳም ይላል። ይጎዳል። እንዲያውም ጨርሶ ዝም ካለው ኮምፒውተር የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ሰውን አለመስማት ያስተምረዋል። ልጅ ሆነን "ጅብ መጣ!" እያለ ሰፈሩን ያታልል የነበረውን እረኛ ተረት ሰምተናል። ተረቱን ሲነግሩን ሁልጊዜ ጥፋተኛው እረኛው ነው። እኔ አሁን የማስበው ስለ ሰፈሩ ሰዎች ነው። በሦስተኛው ቀን ያልወጡት ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፤ በሁለት ቀን ውስጥ አለመውጣትን ስለተማሩ ነው። ተማሪዬም ሰነፍ አይደለችም። በሦስት ወር ውስጥ ቀይን ያለማንበብ ልማድ አስተማርናት፤ ኮምፒውተሩ አንድ፣ እኔ ሁለት።

"ታዲያ ለምን ማሳወቂያውን ጭራሽ አናጠፋውም?" የሚሉኝ አሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ምን የሚሰረቅ አለ?" ብሎኛል። እስቲ በዚያች ቤት ኮምፒውተር ላይ ምን እንዳለ ልቁጠርላችሁ። የሰው መታወቂያ ቅጂ፣ የመንጃ ፈቃድ ቅጂ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የባንክ ወረቀት፣ ኢንቮይስ። ኮምፒውተሩ ቢሸጥ ብዙ አያወጣም፤ ውስጡ ያለው ግን የመቶ ሰው ጓዳ ነው። እና ደግሞ በሽታው እዚያ አይቀርም፤ በፍላሽ ከቤት ቤት ይዞራል።

ፋየርዎልም እንዲሁ ለጌጥ የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2003 ብላስተር የሚባል ዎርም ዓለምን አዳረሰ። ፋይል መክፈት አያስፈልገውም፤ ኮምፒውተሩ ከኢንተርኔት መገናኘቱ ብቻ ይበቃዋል። ሰው ሥራውን እየሠራ "በ60 ሴኮንድ ውስጥ ይጠፋል" የሚል መልእክት ይመጣና ኮምፒውተሩ ይዘጋ ነበር። የሚያስቆጨው፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ዝማኔ ከአንድ ወር በፊት አውጥቶ ነበር። የኤክስፒ ፋየርዎልም ነበር፤ ግን ሲመጣ የጠፋ ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ ኦገስት 2004፣ ሰርቪስ ፓክ 2 ሲወጣ ፋየርዎሉ ከመጀመሪያው የበራ ሆኖ መጣ፤ ያ ስም ጠሪ ሴኩሪቲ ሴንተርም አብሮ መጣ። ዛሬ የሚያሰለቸን ቀይ ምልክት የዚያ ዘመን ልጅ ነው።

በሜይ 2017 ደግሞ ዋናክራይ መጣ። ከ150 በላይ አገሮች ውስጥ ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ጠየቀ፤ እንግሊዝ ውስጥ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ። አብዛኞቹ የተጠቁት ዊንዶውስ 7 ላይ የነበሩ ናቸው። የዚያም መድፈኛ ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ነበር። እንግዲህ "አደጋ ላይ ነህ" የሚለው ጩኸት እውነት የሚሆንበት ቀን አለ ለማለት ነው።

ፍርድ ለሁለቱም ወገን ይሁን። ጠባቂዎቹም ይሳሳታሉ፤ ትልልቆቹም ጭምር። ኤፕሪል 21 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ማካፊ ባወጣው ዝማኔ የዊንዶውስ ኤክስፒን የራሱን አንድ አስፈላጊ ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ አሰረው። ኮምፒውተሮቹ ደጋግመው ይነሱ፣ ኔትወርክም ያጡ ጀመር። ጥበቃው የቤቱን ባለቤት ሌባ ነው ብሎ እንደያዘው ማለት ነው። ስለዚህ "አንቲቫይረስ ካለ ሁሉ እውነት ነው" ማለትም አይሆንም። ሁሉን ማመንም ሁሉን መዝጋትም አንድ ነው፤ ሁለቱም ሳያነቡ መወሰን ነው።

ለምን አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይብሳል? ዙሪያው እየተወው ስለሚሄድ ነው። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው ኤፕሪል 8 ቀን 2014 ነው። ለዊንዶውስ 7 ጃንዋሪ 14 ቀን 2020። ክሮም ለዊንዶውስ 7 አዲስ እትም መስጠት ያቆመው በ2023 መጀመሪያ ነው። ዊንዶውስ 10ም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ላይ መደበኛ ድጋፉ አበቃ፤ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል ነገር ስለሚጠይቅ ብዙ ደህና ኮምፒውተር አይቀበለውም። ማለትም ትናንት አዲስ የነበረው ዛሬ አሮጌ ሆኗል። በየትምህርት ቤቱ፣ በየቀበሌው፣ በየጽሕፈት ቤቱ ያለው ኮምፒውተር በብዛት ወደዚህ ወረፋ እየገባ ነው። አዲስ ግዙ ማለት ቀላል ነው። ዋጋውን እኔም እናንተም እናውቀዋለን። ስለዚህ ካለን ጋር በጥንቃቄ መኖርን መማር አለብን።

ሌላም ሦስተኛ ዓይነት ማስጠንቀቂያ አለ፤ እሱ ስህተትም አይደለም፣ ሌብነት ነው። ኢንተርኔት ስትከፍቱ አንድ ድረ ገጽ "አላው" በሉ ይላችኋል። አላው ካላችሁት በኋላ በማዕዘኑ በኩል "ኮምፒውተርህ ላይ 5 ቫይረስ ተገኘ፣ ፋየርዎልህ ጠፍቷል፣ አሁኑኑ ንካ" የሚል ይመጣል። የታወቀ አንቲቫይረስ አርማም ይለጥፍበታል። ይሄ ከአንቲቫይረስ የመጣ አይደለም፤ ከድረ ገጹ የመጣ ማስታወቂያ ነው። መለያው ቀላል ነው፤ ጽሑፉ አጠገብ በትንንሽ ፊደል የድረ ገጹ አድራሻ ይታያል። የብራውዘሩ ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ኖቲፊኬሽን የሚለው ሥር ያንን አድራሻ ከልክሉት፤ ያበቃል። ስልክ ላይም እንዲሁ ነው።

እሺ፣ ምን እናድርግ? ለተማሪዬ ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳዋ ላይ የለጠፍኩላትን ልስጣችሁ።

1. አትዝጉት፣ አትንኩትም። መጀመሪያ አንብቡት። የሚናገረው ማን ነው? ዊንዶውስ ነው፣ አንቲቫይረሱ ነው፣ ወይስ ድረ ገጽ? ስሙን ወይም አድራሻውን ፈልጉ።

2. ኮምፒውተሩ ገና ከተነሳ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። በራሱ ከጠፋ መዘግየት ነው።

3. ቀኑንና ሰዓቱን እዩ። ዓመቱ በፈረንጅ ይሁን፤ የሰዓት ቀጠናው ናይሮቢ የሚለው ይሁን፤ የእኛም ሰዓት እሱ ነው። የኢትዮጵያን ቀን ደብዳቤው ላይ በእጃችሁ ጻፉት፤ ሁለት ሴኮንድ ነው።

4. ማስጠንቀቂያው ላይ ያለውን ቁልፍ ትታችሁ ራሳችሁ በሩ ድረስ ሂዱ። ኮንትሮል ፓነል፣ ከዚያ ዊንዶውስ ፋየርዎል። አረንጓዴ ከሆነ ጥበቃው አለ። ሌላ ፕሮግራም እያስተዳደረው ነው ካለም ያንን ፕሮግራም ከፍታችሁ መሥራቱን አረጋግጡ።

5. ስንት አንቲቫይረስ እንዳላችሁ ቁጠሩ። አንድ ብቻ ይቅር። ሌላውን ከፕሮግራምስ ኤንድ ፊቸርስ አራግፉ፤ ፎልደር አትደልቱ። ስሙ አልጠፋ ካለ አብዛኞቹ ድርጅቶች የራሳቸው ማጽጃ መሣሪያ አላቸው፤ በነፃ ከራሳቸው ገጽ ይወርዳል።

6. ፋየርዎሉ በእውነት ጠፍቶ ከሆነና አብሩት ሲሉት እምቢ ካለ፣ እዚያ ጋ ቁሙ። ይሄ ውሸት አይደለም። ዜሮአክሰስ የሚባለውን የመሰሉ ቫይረሶች የፋየርዎሉን አገልግሎት ራሱን እየሰረዙ ነበር የሚገቡት። ኢንተርኔቱን ንቀሉ፣ ፍላሽ አትስኩ፣ ፋይላችሁን ለማዳን የሚያውቅ ሰው ጥሩ።

ስድስት ነገር ነው። ከአንድ እስከ አራት ያለውን የ9ኛ ክፍል ተማሪ በአስር ደቂቃ ይሠራዋል፤ ክፍል ውስጥ አሠርቼ አይቻለሁ።

አሁን ደግሞ ለሚመለከታቸው።

ለቴክኒሻኖች፦ ወንድሞቼ፣ እንጀራችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በአንድ ፍላሽ የመጣ ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ ለሁሉም ደንበኛ አትጫኑ። ክራክ የሚሠራው ፕሮግራሙ ከባለቤቱ ጋር እንዳይነጋገር በማድረግ ነው፤ ካልተነጋገረ አይዘመንም፤ ካልተዘመነ ትናንት የመጣውን ሌባ አያውቅም። ከማን እጅ እንደወጣ የማታውቁትን ዘበኛ ደግሞ የቤቱን ቁልፍ ሰጥታችሁታል። እዚህ አገር በካርድ ከፍሎ ፈቃድ መግዛት ለአብዛኛው ሰው እንደማይቻል አልረሳሁም። ነፃ የሆኑ ትክክለኛ አንቲቫይረሶች ግን አሉ፤ ዊንዶውስ 10ም የራሱን ይዞ ነው የሚመጣው። እነሱን በሥርዓት ጫኑ፤ የቀድሞውን በሥርዓት አራግፉ። ለዚህ ሥራ ክፍያ ጠይቁ፤ ይገባችኋል።

ለአንቲቫይረስ ድርጅቶች፣ አማርኛ ባያነቡም፦ የሙከራ ጊዜ ሲያልቅ "ግዙኝ" ለማለት የአደጋ ቀለምና የአደጋ ድምፅ አትጠቀሙ። ማስታወቂያ ማስታወቂያ ይምሰል። ለመሸጥ የጮኻችሁት ጩኸት ነው በእውነተኛው ቀን እንዳትሰሙ የሚያደርጋችሁ።

ለኃላፊዎች፦ ትምህርት ቤት ይሁን መሥሪያ ቤት፣ ኢንተርኔት የማያስፈልገውን አሮጌ ኮምፒውተር ከኢንተርኔት ንቀሉት፤ ለሚያስፈልገው ቀለል ያለ ሊኑክስ ሞክሩበት። ጽሑፍ ለመጻፍና ለመማሪያ ይበቃል። የባትሪዋ ዋጋ ደግሞ ከማንም በጀት አያልፍም።

ለአስተማሪዎች፣ ማለትም ለራሴ፦ እኔ ዲፕሎማ ነው ያለኝ፤ የሳይበር ሊቅ አይደለሁም። ሆኖም የሚጠይቀኝ ሰው እኔ የምለውን ነው ይዞ የሚሄደው። ለዓመታት የኮምፒውተር ክፍሎችን፣ የማህደረ ትውስታ ዓይነቶችን፣ ባይትና ቢትን ሳስተምር አንድም ቀን "ማስጠንቀቂያ እንዴት ይነበባል?" ብዬ አላስተማርኩም። ስጠየቅ ደግሞ መልሴ "ዝጊው" ነበር። "አላውቅም፣ ማታ መጥቼ ልየው" ማለት እችል ነበር። አላልኩም፤ ክፍል ልገባ ስለቸኮልኩ ብቻ አይደለም፤ አላውቅም ማለት ስለከበደኝም ጭምር ነው።

አሁን በየዓመቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ እሰጣለሁ። ሦስት ማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ላይ እስላለሁ፤ አንዱ እውነት፣ አንዱ ስህተት፣ አንዱ ሌባ። ተማሪዎቹ እየተከራከሩ ይለያሉ። ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እውነተኛው ላይ ነው፤ "ቲቸር፣ ይሄማ ውሸት ነው" ይላሉ። ገና በ15 ዓመታቸው አለመስማትን ተምረው ነው የመጡት።

ተማሪዬ አሁንም እዚያው ናት። ኮምፒውተሩም ያው ነው፤ ባትሪው ተቀይሮለታል፣ አንድ አንቲቫይረስ ብቻ አለው፣ ቀኑም በፈረንጅ ነው። ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። "ቲቸር፣ ቀይ ነገር መጣ፤ አልዘጋሁትም፤ ላንብብልህ?" አለች። "አንብቢልኝ" አልኳት። አነበበች። የአንድ ደንበኛ ፍላሽ ነበር፤ ቫይረስ ይዟል። ሰውዬውን አስቀምጣ፣ ፍላሹን አጽድታ፣ ስካኑን ጭና ሰጠችው። ኮንቴነሩም በሰዓቱ ወጣ።

እናንተስ ኮምፒውተር ላይ ምን እያለ ነው የሚጮኸው? ቃል በቃል አንብባችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ። ጽሕፈት ቤት ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ሼር አድርጉለት።

ሰላም ዋሉ።